በአረጋውያን የአንገት ደም ቅዳ ላይ የሚደረግ የስቴንት ሕክምና፦ አዲሱ የጥናት ውጤትና የሜዲኬር ውሳኔ ለታካሚው ምን ይለውጣሉ?

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው «ክሬስት ሁለት» የተሰኘ ጥናት፣ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሰው የአንገት ደም ቅዳቸው በእጅጉ ቢጠብም ምንም ዓይነት የሕመም ምልክት ላልታየባቸው ሰዎች፣ ስቴንት ከተሟላ የመድኃኒት ሕክምና ጋር ተዳምሮ ሲሰጥ ከመድኃኒት ብቻ የተሻለ የስትሮክ መከላከያ መሆኑን አመልክቷል። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2023፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የሚያቅፈው የአሜሪካ የጤና መድን ሜዲኬር፣ ለዚሁ ሕክምና የሚከፍልበትን ወሰን በሰፊው ከፍቶ ነበር። ሁለቱ ክንውኖች አንድ ላይ ሲታዩ፣ «ስቴንት ቢገባልዎት ይሻላል» የሚል ምክር የሚሰሙ አረጋውያን ቁጥር እንደሚጨምር መገመት አያዳግትም። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም ከእነዚሁ መካከል ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው። ዕድሜው ከ70 ዓመት ያለፈ ሰው ይህን ምክር ሲሰማ፣ አዲሱ የጥናት ውጤት ስለ እርሱ የሚናገረው ምንድን ነው? የማይናገረውስ?

ካሮቲድ የሚባሉት ደም ቅዳዎች በአንገት ግራና ቀኝ ሽቅብ ይወጣሉ። ጣት በአንገት ጎን ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ትርታ የእነርሱ ነው። እያንዳንዱ ከመንጋጋ በታች በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ቅርንጫፍ ወደ አንጎልና ወደ ዓይን፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ራስ ቆዳ ይሄዳል። በዕድሜ ብዛት፣ በደም ግፊት፣ በስኳር ሕመም፣ በሲጋራና በኮሌስትሮል ምክንያት ስብና ካልሲየም የሚከማቸው በአብዛኛው በዚሁ መለያያ ላይ ነው። ጥበቱ ራሱ ሕመም የለውም። አደጋው የሚመጣው የተከማቸው ስብ ሲሰነጠቅና ስባሪው ወይም በላዩ የረጋው ደም ተነቅሎ ከደም ጋር ወደ አንጎል ሲሄድ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ሕመም እንደ ተደፈነ የውኃ ቧንቧ አድርገው ያስቡታል፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን መደፈኑ ሳይሆን ከግድግዳው ተነቅሎ የሚሄደው ነገር ነው። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሕክምናውም ቢሆን ያንኑ ስባሪ ሊያስነሣ ይችላል።

ቧንቧውን ለመክፈት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ አንገትን ከፍቶ፣ ደም ቅዳውን ለጊዜው አግቶ፣ የተከማቸውን ስብ ከውስጡ ልጦ ያወጣል፤ ከዚያም መልሶ ይሰፋል። ይህ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ከሰባ ዓመታት በላይ የተጠራቀመ ልምድ አለው። ሁለተኛው ስቴንት ነው። ብዙውን ጊዜ በብሽሽት በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ አማካይነት፣ ከብረት መረብ የተሠራ ትንሽ ቧንቧ ወደ ጠበበው ሥፍራ ይደርስና እዚያው ተዘርግቶ ስቡን ወደ ግድግዳው ተጭኖ ይይዛል። አንገት አይቀደድም፤ ሙሉ ማደንዘዣም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። በዚህም የተነሣ «ለሸመገለ ሰው የሚሻለው ስቴንት ነው» የሚለው ሐሳብ በታካሚዎችም በቤተሰብም ዘንድ በቀላሉ ተቀባይነት ያገኛል። በልብ ደም ቅዳ ላይ ስቴንት ያስገባ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት በመሆኑም፣ ቃሉ ራሱ የለመድነውና የማያስፈራ ሆኗል።

ማስረጃው ግን በዚህ ነጥብ ላይ ከግምታችን ተቃራኒ ነው የሚሆነው።

የመጀመሪያው «ክሬስት» ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ሲሆን፣ በአሜሪካና በካናዳ 2,502 ሰዎችን በዕጣ መድቦ ስቴንትን ከቀዶ ሕክምና ጋር አነጻጽሯል። በጥቅሉ ሲታይ ሁለቱ ተቀራራቢ ሆኑ፤ በሕክምናው ሰሞን የደረሰ ስትሮክ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ሞት፣ ከዚያም በኋላ እስከ አራት ዓመት በዚያው ጎን የደረሰ ስትሮክ ተደምሮ ከስቴንት በኩል 7.2 በመቶ፣ ከቀዶ ሕክምና በኩል 6.8 በመቶ ነበር። ድምሩ ሲፈታ ግን መልኩ ይለወጣል። በሕክምናው ሰሞን ስትሮክ የደረሰባቸው በስቴንት 4.1 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና 2.3 በመቶ ናቸው። ድንገተኛ የልብ ሕመም በአንጻሩ በስቴንት 1.1፣ በቀዶ ሕክምና 2.3 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። ለአንድ ታካሚ እነዚህ ሁለት ጉዳቶች እኩል አይደሉም። ንግግሩን ወይም የቀኝ እጁን ያጣ ሰውና መለስተኛ የልብ ሕመም አጋጥሞት ያገገመ ሰው በአንድ ቁጥር ሲደመሩ፣ ድምሩ ትክክል ሆኖም ሊያሳስት ይችላል።

በዚያው ጥናት የታየው ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። መለያው 70 ዓመት አካባቢ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በታች ላሉት ስቴንት ጥቂት የተሻለ ሲመስል፣ ከዚያ በላይ ላሉት ቀዶ ሕክምናው ተሻለ። ምልክቱ አስቀድሞም ታይቶ ነበር። ዋናው ጥናት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሞች በተፈተኑበት የመግቢያ ምዕራፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደተዘገበው፣ ስቴንት ከገባላቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 99 ሰዎች መካከል 12.1 በመቶው ስትሮክ ወይም ሞት አጋጥሟቸዋል። ከ60 እስከ 69 ዓመት ባሉት ላይ ይኸው መጠን 1.3 በመቶ ነበር። 99 ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ የዛሬዎቹ መሣሪያዎችም ከያኔዎቹ ይሻላሉ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 ምልክት የታየባቸውን 4,754 ታካሚዎች ያካተቱ አራት ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ አቅጣጫው ተመሳሳይ ሆነ። በቀዶ ሕክምና ሰሞን የሚደርስ አደጋ ከዕድሜ ጋር እምብዛም አልጨመረም። የስቴንቱ ግን ጨመረ፤ ከ70 እስከ 74 ዓመት ባሉት ላይ ከቀዶ ሕክምናው በእጥፍ ያህል በለጠ።

ምክንያቱ በመንገዱ ላይ ነው። ቱቦው ከብሽሽት ተነሥቶ አንገት እስኪደርስ ድረስ ከልብ በሚወጣው ዋና ደም ቅዳ ቅስት ላይ ያልፋል። በዕድሜ ይህ ቅስት ይለጠጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ግድግዳውም በካልሲየም ይደርቃል። ቱቦው በእንዲህ ያለ መንገድ ሲገፋ ግድግዳውን ይፍቃል፤ የተፋቀውም ወደ አንጎል ይሄዳል። ስቡ ከተከማቸበት በላይ የሚዘረጋ ማጣሪያ መጠቀም የተለመደ ቢሆንም፣ ማጣሪያው ሥፍራው እስኪደርስ የተነቀለውን ሊይዝ አይችልም። ይህን ችግር ለማለፍ ቱቦውን ከብሽሽት ሳይሆን በቀጥታ ከአንገት ሥር በትንሽ ቅድ አስገብቶ፣ ስቴንቱ እስኪቀመጥ ድረስ የደሙን ፍሰት ወደ ኋላ የሚመልስ ዘዴ ተፈጥሯል። መሣሪያው በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ማስረጃው ግን በአብዛኛው ከሆስፒታሎች መዝገብ የተሰበሰበ እንጂ ከላይ እንደ ተጠቀሱት በዕጣ ምደባ የተገኘ አይደለም። «ስቴንት» ሲባል የትኛው መንገድ እንደሆነ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

ወደ አዲሱ ጥናት እንመለስ። «ክሬስት ሁለት» ያጠናው ጥበታቸው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ ምልክት ያላሳዩ ሰዎችን ነው። አወቃቀሩ ብዙ ዘገባዎች አቃለው ያለፉት ነገር አለበት፦ ጥናቱ ጎን ለጎን የተካሄዱ ሁለት የተለያዩ ሙከራዎች ነበሩ። በአንዱ 1,245 ሰዎች «ስቴንት ከመድኃኒት ጋር» እና «መድኃኒት ብቻ» ተብለው በዕጣ ተመደቡ። በሌላው 1,240 ሰዎች «ቀዶ ሕክምና ከመድኃኒት ጋር» እና «መድኃኒት ብቻ» ተብለው ተመደቡ። በአራት ዓመት ውስጥ፣ በስቴንቱ ሙከራ የጉዳቱ መጠን መድኃኒት ብቻ ለወሰዱት 6.0 በመቶ፣ ስቴንት ለገባላቸው 2.8 በመቶ ሆነ። በቀዶ ሕክምናው ሙከራ 5.3 እና 3.7 በመቶ ሆኖ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊፈጠር ከሚችለው በላይ ነው ለማለት የሚያበቃ አልሆነም።

ከዚህ ተነሥቶ «ስቴንት ከቀዶ ሕክምና በለጠ» ማለት ስሕተት ነው። ሁለቱ በዚህ ጥናት ፊት ለፊት አልተወዳደሩም፤ ወደየትኛው ሙከራ እንደሚገባ በታካሚውና በሐኪሙ ምርጫ የሚወሰን ስለነበር፣ በሁለቱም በኩል ያሉት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። በተጨማሪም ቧንቧቸው እጅግ የተጠማዘዘ ወይም በካልሲየም የደረቀ ሰዎች ወደ ስቴንቱ ሙከራ አልገቡም። በሌላ አነጋገር፣ አረጋውያንን ለአደጋ የሚያጋልጠው ዋና ምክንያት ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ተለይተዋል። ስቴንቱን ያስገቡትም ያለፈ ሥራቸው ተመርምሮ የተመረጡ ሐኪሞች ናቸው።

የቁጥሩ ስፋትም በልኩ መታየት ይኖርበታል። በ6.0 እና በ2.8 መካከል ያለው ልዩነት 3.2 ነው። ይህም በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ከጉዳት እንዲድን 31 ያህል ሰዎች ስቴንት ሊገባላቸው ይገባል ማለት ነው። የቀሩት 30 ከስቴንቱ ይህን ጥቅም አያገኙም፤ ከሕክምናው አደጋ ግን አላመለጡም። በመጀመሪያዎቹ 44 ቀናት ውስጥ ስቴንት ከገባላቸው 7 ሰዎች ስትሮክ ያጋጠማቸው ሲሆን 1 ሰው ሞቷል፤ በዚያው ጊዜ መድኃኒት ብቻ ከሚወስዱት አንድም ሰው ስትሮክ አልያዘውም፣ አልሞተምም። ታካሚው አደጋውን ዛሬ ተቀብሎ ጥቅሙን በዓመታት ውስጥ ይሰበስባል። የ66 ዓመት ጤነኛ ሰውና ሌላ ጽኑ ሕመም ያለበት የ84 ዓመት አዛውንት ይህን ልውውጥ በእኩል ዓይን ሊያዩት አይችሉም።

መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት መካከል 94 በመቶ የሚሆኑት በአራት ዓመት ውስጥ ከተጠቀሰው ጉዳት ነፃ ሆነው መቆየታቸውም መዘንጋት የለበትም። ይህ የሆነው ግን በጥናቱ ውስጥ የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው በጥብቅ ስለተጠበቀ፣ ሲጋራን ስለ መተውና ስለ አካል እንቅስቃሴም በየጊዜው ምክር ያገኙ ስለነበር ነው። የግፊት መድኃኒቱን «ዛሬ ደኅና ነኝ» ብሎ የሚያቋርጥ ሰው የዚህ ቁጥር ተካፋይ አይደለም።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ምልክት ላላሳዩ ሰዎች ነው። ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ በአንድ ጎን እጅ ወይም እግር የዛለ፣ ንግግሩ የተሳሰረ፣ ወይም አንድ ዓይኑ ለጥቂት ደቂቃዎች እንደ መጋረጃ የጨለመበት ሰው ጉዳዩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቢጠፋም እንኳ። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ በሰሜን አሜሪካ የተደረገ ጥናት፣ ምልክት ያሳዩና ጥበታቸው ከ70 በመቶ በላይ የሆነ ሰዎች በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ጎን ስትሮክ የሚይዛቸው በመድኃኒት ብቻ 26 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምና 9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። የዚያን ጊዜ መድኃኒት የዛሬውን አይደርስም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጥቅሙ ከፍተኛ የሚሆነውም ሕክምናው ምልክቱ ከታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲደረግ ነው። የአውሮፓ የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ምልክት ያሳዩና ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ለአብዛኞቹ ታካሚዎች ከስቴንት ይልቅ ቀዶ ሕክምናን ይመክራል። አንገታቸው ቀደም ሲል በጨረር የታከመ፣ በዚያው ሥፍራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ዳግም የጠበበባቸው፣ ወይም ልባቸው ቀዶ ሕክምናን የማይችል ሰዎች ግን ስቴንት የተሻለ ምርጫ ሊሆንላቸው ይችላል። ቀዶ ሕክምናውም የራሱ ጉዳት አለው፤ በአንገት የሚያልፉ ነርቮች ተነክተው ድምፅ ሊጎረንን ወይም ምላስ ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብል ይችላል፣ በአብዛኛው ለጊዜው።

የሜዲኬር ውሳኔ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ከ2023 በፊት ሜዲኬር ከጥናት ውጪ ለስቴንት የሚከፍለው በዋናነት ምልክት ላሳዩ፣ ጥበታቸው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ለሆነና ቀዶ ሕክምና ለሚያሰጋቸው ሰዎች ነበር። አዲሱ ደንብ ምልክት ላሳዩት ከ50 በመቶ፣ ላላሳዩት ከ70 በመቶ ጀምሮ እንዲከፈል ፈቀደ፤ «ቀዶ ሕክምና የሚያሰጋቸው» የሚለውን ገደብም አነሣ። ሆስፒታሎች በማዕከል ደረጃ በተናጠል የሚጸድቁበትን አሠራር አስቀረ። የአሜሪካ የደም ቧንቧ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ውሳኔውን ተቃውሟል፤ ሌሎች የሙያ ቡድኖች ደግፈውታል። ተቃውሞው መሠረት አልነበረውም ለማለት አይቻልም፤ ልምዱ አነስተኛ በሆነ እጅ የሚሠራ ስቴንት በጥናት ውስጥ ከታየው የባሰ ውጤት ሊኖረው ይችላልና። የመድን ክፍያ መፈቀዱ ሕክምናው ለዚያ ሰው ተገቢ ነው ከማለት ጋር አንድ አለመሆኑንም ተገልጋዮች ሊለዩት ይገባል።

ደንቡ በምትኩ ያስቀመጠው ግዴታ ለታካሚው ትልቅ መብት ነው። ስቴንት ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙ ከታካሚው ጋር ቁጭ ብሎ ስለ ሦስቱም አማራጮች፣ ማለትም ስለ ቀዶ ሕክምና፣ ስለ ስቴንትና ስለ መድኃኒት፣ ከእነ ጥቅማቸውና ከእነ ጉዳታቸው መነጋገርና የታካሚውን ፍላጎት በውሳኔው ውስጥ ማካተት አለበት። ከሕክምናው በፊትና በኋላም የነርቭ ምርመራ እንዲደረግ ያዝዛል። ጥበቱ በመጀመሪያ በአልትራሳውንድ፣ ከዚያም በሲቲ ወይም በኤምአርአይ የደም ቧንቧ ምርመራ እንዲረጋገጥም ይጠይቃል። በአንድ የአልትራሳውንድ ወረቀት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ሁለተኛውን ምርመራ ቢጠይቅ ሐኪሙን እንደ መጠራጠር ሊቆጠርበት አይገባም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህ ውይይት የሚሰናከለው በቋንቋ ላይ ነው። በተለመደው ሁኔታ ሐኪሙ ይናገራል፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይተረጉማል። ልጅ ደግሞ አባቱን ላለማስደንገጥ «ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል» የሚለውን ትቶ «ትንሽ ነገር ናት፣ ነገ ይወጣሉ» ይላል። ሐሳቡ ፍቅር ነው። አባት ግን የፈረሙበትን አላወቁም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ። በአካል ባይገኝ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀርባል። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብሎ ማስመዝገብ በቂ ነው። ልጆች ከጎን ሆነው መደገፍና መጠየቅ ይችላሉ፤ ትርጉሙን ግን ለባለሙያው ቢተዉ ይመረጣል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ኖሯቸው በአሜሪካ አምስት ዓመት በተከታታይ የኖሩና 65 ዓመት የሞላቸው ወላጆች፣ የሥራ ዘመን ባይኖራቸውም ወርኃዊ ክፍያ እየከፈሉ ሜዲኬር ለመግባት ማመልከት እንደሚችሉም በዚሁ አጋጣሚ ማስታወስ ይጠቅማል።

ጤነኛ ሆኖ «ለመጠንቀቅ ያህል» አንገቱን በአልትራሳውንድ ለማሳየት የሚያስብ ሰው፣ የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ምልክት የሌላቸውን ሰዎች በጅምላ መመርመርን እ.ኤ.አ. በ2021 በድጋሚ እንዳልመከረ ሊያውቅ ይገባል። የሐሰት ውጤት ወደ ሌላ ምርመራ፣ ያም ወደ ማያስፈልግ ሕክምና ይመራልና።

በመጨረሻም ስቴንት አስገብተው ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሱ፣ ወይም ለዚሁ ሕክምና ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሚሄዱ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ከስቴንት በኋላ ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል በአንድነት ይወሰዳሉ፤ ከዚያም አንደኛው በቋሚነት ይቀጥላል። የስቴንቱ ብረት ገና በቧንቧው ቆዳ ሳይሸፈን መድኃኒቱ ከተቋረጠ፣ በላዩ ደም ሊረጋ ይችላል። ጥርስ ለማስነቀል ወይም ለሌላ ቀዶ ሕክምና «አቁም» ቢባሉ እንኳ ስቴንቱን ያስገባውን ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልተለመደ ከባድ ራስ ምታት በአንድ ጎን ቢሰማ፣ ደም ግፊት አልወርድ ቢል ወይም መንቀጥቀጥ ቢከሰት፣ ለረጅም ጊዜ ትንሽ ደም ሲያገኝ የኖረው አንጎል በድንገት ብዙ ደም በማግኘቱ ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ከሆስፒታል ሲወጡም የሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የስቴንቱን መለያ ካርድና ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሡትን ምስሎች በሲዲ ተቀብሎ መያዝ፣ ቀጣዩን ክትትል ለሚያደርገው ሐኪም ሥራውን ያቀልለታል፤ ስቴንቱ ዳግም መጥበብ አለመጥበቡ የሚታወቀው ከእነዚሁ ምስሎች ጋር ተነጻጽሮ ነው።